ዳገቱን ስንፈራ ቁልቁለቱ ጠበቀን፤ አራት ቀን በኢንካዎች መንገድ

ሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ። ከፊቴ የድንጋይ ደረጃ አለ። ከሥሩ ሌላ ደረጃ። ከዚያ በታች ጉም ነው፤ ምንም አይታይም። ግራ ጉልበቴ አልታጠፍ ብሏል። እግሬን ዝቅ ባደረግሁ ቁጥር ከጉልበቴ ሎሚ ሥር በመርፌ የሚወጉኝ ይመስለኛል።

«ጋሼ፣ ፊት ለፊት አትውረድ» አለችኝ የእህቴ ልጅ ከኋላዬ። «ዞር በልና በጎንህ ውረድ። መጀመሪያ ዱላውን ከታች ትከል፣ ከዚያ እግርህን አስከትል።»

እንዳለችኝ አደረግሁ። ሕመሙ አልጠፋም፤ ግን ቀለል አለልኝ። እንዲህ አንድ አንድ ደረጃ እየቆጠርኩ እስከ ማታ ወረድኩ።

ይህን የምጽፈው በፔሩ ተራሮች፣ በጥንቱ የኢንካዎች መንገድ፣ በእግር ወደ ማቹ ፒቹ፣ ወደ ጥንታዊቷ የኢንካዎች ከተማ ፍርስራሽ፣ ለመሄድ ለምታስቡ ነው። እኔ 52 ዓመቴ ነው። የእህቴ ልጅ 26። ሁለታችንም ስፖርተኞች አይደለንም። አራት ቀን ተጉዘን፣ ሦስት ሌሊት ድንኳን ውስጥ አድረን፣ 43 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄድን። ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። መንገዱ ግን ሜዳ የለውም ማለት ይቀላል፤ ወይ ትወጣላችሁ ወይ ትወርዳላችሁ።

ከመሄዳችን በፊት ስድስት ወር ተዘጋጅቻለሁ። ያገኘሁትን ዳገት ሁሉ ወጥቻለሁ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሁለተኛው ቀን ነው፤ 4,215 ሜትር ስለሚደርሰው መተላለፊያ። እኔም የፈራሁት እሱን ነበር። ስለ መውረድ አንድም ቀን አላሰብኩም። መውረድ ዕረፍት መስሎኝ ነበር። በቋንቋችን ጉልበት አቅምም ነው፣ መገጣጠሚያውም ነው። እኔ አቅሙን ይዤ ሄድኩ፤ መገጣጠሚያውን ረሳሁት።

መጀመሪያ ግን ስለ ፈቃዱ ልንገራችሁ፤ ጉዞው የሚበላሸው እዚያው ላይ ሊሆን ይችላል።

በዚህ መንገድ ብቻችሁን መሄድ አይፈቀድም። ፈቃድ ካለው አስጎብኚ ድርጅት ጋር መሆን ግዴታ ነው። በቀን የሚገባው ሰው 500 ብቻ ነው። ይህ ቁጥር አስጎብኚዎችን፣ ወጥ ቤቶችንና ተሸካሚዎችን ይጨምራል። ለተጓዥ የሚተርፈው 200 ገደማ ቦታ ነው። ስለዚህ በተለይ በፈረንጆቹ ከሜይ እስከ ኦገስት ለመሄድ ካሰባችሁ ከብዙ ወራት በፊት ያዙ። ፌብሩዋሪን በሙሉ መንገዱ ዝግ ነው፤ የሚጠገነው ያኔ ነው። እዚያ ደረቁ ወቅት ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ነው። እነሱ የዓመቱ ብርዳም ወቅት የሚሉት እሱን ነው። እኛ ክረምት ስንል ዝናብ ይታየናል፤ የእነሱ ግን ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ይህን ሳያውቁ ከዝናብ እንሸሻለን ብለው በዝናቡ ወር የሚይዙ ሰዎች አሉ።

ፈቃዱ የሚወጣው በፓስፖርት ቁጥር ነው። ለሌላ ሰው አይዛወርም። በመግቢያው ኬላ ላይ ፓስፖርቱና ፈቃዱ ይመሳከራሉ። የያዝንበት ድርጅት የእህቴን ልጅ ፓስፖርት ቁጥር አንድ አኃዝ አሳስቶ መዝግቦት ነበር። ያየነው ማረጋገጫው ከመጣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ እሱም በአጋጣሚ፣ እሷ ወረቀቱን ለማተም ስትከፍተው። ለማስተካከል አሥር ቀን ስንጻጻፍ ከረምን። እስኪስተካከል እንቅልፍ አልነበረኝም። ማረጋገጫ ሲደርሳችሁ በዚያው ቀን ፓስፖርታችሁን ከጎኑ አስቀምጡና ፊደል በፊደል፣ ቁጥር በቁጥር አመሳክሩ። መሃል ላይ ፓስፖርት የምታሳድሱ ከሆነ ለድርጅቱ ቀድማችሁ ንገሩ፤ አሮጌውንም ይዛችሁ ሂዱ።

ድርጅት ስትመርጡ ዋጋ ብቻ አትጠይቁ። ተሸካሚዎቻችሁ ምን ጫማ ያደርጋሉ? የት ይተኛሉ? ምን ይበላሉ? ኢንሹራንስ አላቸው? ብላችሁ ጠይቁ። በደንብ የሚይዛቸው ድርጅት መልሱ ዝግጁ ነው። የሚያድበሰብስ ከሆነ ተዉት። ድንኳናችሁን፣ ምግባችሁን፣ ጋዙን፣ ድስቱን በዚያ ተራራ ላይ የሚያወጡት እነዚህ ሰዎች ናቸው።

ሁለተኛው ነገር ከፍታ ነው። ደጋ ተወልጄ ደጋ ያደግሁ ነኝ። ከፍታ አይበግረኝም ብዬ ነበር። ጉዞው የሚነሣባት ኩስኮ ከተማ 3,400 ሜትር ላይ ናት። የመጀመሪያውን ሌሊት ጭንቅላቴን በገመድ እንደታሰረ ሰው አደርኩ። እንቅልፍ ይወስደኝና ትንፋሽ አጥሮኝ እነቃለሁ። የእህቴ ልጅ ምንም አልሆነችም። የከፍታ ሕመም ዕድሜም ጥንካሬም አይመርጥም፤ ወጣቱንም ሯጩንም ይይዛል።

በማግሥቱ ወደ ኦያንታይታምቦ ወረድን። ከተማዋ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች የሸለቆ ከተማ ናት። ሁለት ሌሊት እዚያ አድረን ወደ ኩስኮ ተመለስን፣ ሁለት ሌሊት ደገምን። ያኔ ሰውነቴ ለመደ። ብልህነቱ ግን ከአውሮፕላን እንደወረዱ በቀጥታ ወደ ሸለቆው መውረድና መጨረሻ ላይ ወደ ኩስኮ መውጣት ነው። ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ ሦስት ሌሊት ከፍታ ላይ እደሩ፤ አራት ከሆነ እሰየው። ውሃ ጠጡ፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት መጠጥና ከባድ ምግብ ተዉ። አሴታዞላሚድ የሚባል መድኃኒት አለ፤ ይስማማችሁ እንደሆነ ሐኪማችሁን ከመሄዳችሁ በፊት አማክሩ። እዚያ በየሆቴሉ የኮካ ቅጠል ሻይ ያቀርባሉ። ፔሩ ውስጥ ሕጋዊ ነው። ቅጠሉን ይዛችሁ ወደ ሌላ አገር ለመግባት ግን እንዳትሞክሩ።

አንድ ነገር በጥብቅ አደራ እላለሁ። ራስ ምታትና ትንሽ ማቅለሽለሽ የተለመደ ነው። ነገር ግን ሰው እንደሰከረ መንገዳገድ ከጀመረ፣ ነገር ከተምታታበት፣ ወይም ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ካጠረውና ካሳለው መጠበቅ የለም። ወዲያው መውረድ ነው። ለአስጎብኚው መናገር አሳፋሪ አይደለም። ጓደኛችሁም ላይ ካያችሁ እሱ ባይፈልግ እንኳ ተናገሩ።

ጉዞው የሚጀምረው ከባቡር ሐዲዱ 82ኛ ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ቦታው ራሱ «ኪሎ ሜትር 82» ይባላል። የኡሩባምባን ወንዝ በተንጠልጣይ ድልድይ ተሻግራችሁ ትገባላችሁ። እዚያ አንድ የማልረሳው ነገር አየሁ። ከእኛ ኬላ አጠገብ ተሸካሚዎች ተሰልፈው ሸክማቸውን በሚዛን ያስመዝናሉ። ሕጉ ለአንድ ተሸካሚ ከ20 ኪሎ በላይ አይፈቅድም። ድሮ ይህ ሕግ አልነበረም፤ ሰው እስኪጎብጥ ይጫን ነበር። ከፊታችን የነበረው ጎልማሳ ሰው ሸክም ትንሽ አለፈ። ተቆጣጣሪው ራሱን ነቀነቀ። ሰውየው ፈታውና አንድ ከረጢት ድንች አውጥቶ ለሌላ ወጣት አቀበለ። በዚያች ደቂቃ ሻንጣችን ውስጥ «ለክፉ ቀን» ብዬ የጨመርኩት ሁለተኛ ጫማ ታወሰኝ። በእኔ ትርፍ ጫማ ምክንያት የማላውቀው ሰው ወገብ ላይ አንድ ኪሎ ተጨምሯል። ለተጓዥ የሚፈቀደው ሻንጣ የመኝታ ከረጢቱን ጨምሮ ሰባት ኪሎ ገደማ ነው። ከዚያ አሳንሱ እንጂ አትሙሉት።

የመጀመሪያው ቀን ለማለማመድ ነው። ወደ 12 ኪሎ ሜትር በወንዝ ዳር፣ በቁልቋልና በመንደሮች መሃል ይኬዳል። ፓታያክታ የሚባለውን የኢንካ ፍርስራሽ ከላይ ታዩታላችሁ፤ በሸለቆው ግርጌ ተጠማዞ የተሠራ የእርከን እርሻ ነው። በዚህ ቀን የመንደሩ ሰዎች መጸዳጃ ያከራያሉ፤ አንድ ሁለት ሶል (የፔሩ ገንዘብ) ሳንቲም በኪሳችሁ ይኑር። ሶፍት ከራሳችሁ ነው። ማታ ዋይላባምባ፣ 3,000 ሜትር ላይ አደርን።

በዚያ ሌሊት አስጎብኚያችን ስለ መንገዱ ነገረን። ኢንካዎች የሠሩት የመንገድ መረብ በአጠቃላይ ከ30,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በ2014 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ስድስት አገሮች ናቸው በጋራ ያስመዘገቡት። እኛ የምንሄድበት የዚያ ቁራጭ ነው። ኢንካዎች ፈረስ አልነበራቸውም። ለመጓጓዣ የሚሆን ጎማም አልተጠቀሙም። የነበራቸው ላማና የሰው እግር ነው። ቻስኪ የሚባሉ መልእክተኛ ሯጮች ነበሯቸው። አንዱ ሮጦ ለሌላው ያቀብላል፣ ሌላው ለሌላው። መልእክቱን በቃል ወይም በክር ላይ በተቋጠረ ምልክት ያደርሳሉ።

ይህ ታሪክ ለጉልበት ምን ያገባዋል ትሉ ይሆናል። በጣም ያገባዋል። ለጋሪ የሚሠራ መንገድ ተራራውን እየዞረ፣ እየተጠማዘዘ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ለእግረኛና ለላማ የተሠራ መንገድ ግን መዞር አያስፈልገውም። ገደሉን ፊት ለፊት በደረጃ ይወርደዋል። ደረጃዎቹም እኩል አይደሉም። አንዱ አንድ ስንዝር፣ ቀጣዩ እስከ ጉልበት። እግር የሚለምደው ምት የለውም። የጎዳኝ ይህ ነው።

ሁለተኛው ቀን ያ የተፈራው ቀን ነው። ከዋይላባምባ ወደ 1,200 ሜትር ሽቅብ ትወጣላችሁ። የበሩ፣ የዚያ መተላለፊያ፣ ስም በአካባቢው በኬችዋ ቋንቋ ዋርሚዋኙስካ ነው፤ «የሞተችው ሴት» ማለት ነው። ከሩቅ ሲታይ ተራራው በጀርባዋ የተኛች ሴት ስለሚመስል ነው አሉን። ሞት የሚለው ቃል ሆዴን አባባው።

እውነቱን ልናገር፤ ወጣሁት። ቀስ ብዬ ወጣሁት። አስጎብኚያችን እኛን ሁሉ «ፋሚሊያ» ነው የሚለን፣ ቤተሰብ እንደማለት። «ፋሚሊያ፣ እያወራችሁ መሄድ ካቃታችሁ ፈጥናችኋል» አለን። ይህን ያዙ። ዓረፍተ ነገር ሳይቆረጥ መናገር ከቻላችሁ ፍጥነታችሁ ልክ ነው። ካቃታችሁ ቀንሱ። ወጣቶቹ ሃያ እርምጃ ይሮጡና ድንጋይ ላይ ይዘረራሉ። እኔ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው እየተራመድኩ ሳልቆም አለፍኳቸው። ከዛፎቹ በላይ ስትወጡ ሣርና ነፋስ ብቻ ይቀራል። ሉሉቻፓምፓ የሚባለው ሜዳማ ቦታ ላይ ሴቶች ውሃና ብስኩት ይሸጣሉ። እዚያ ውሃችሁን ሙሉ። የውሃ ማከሚያ እንክብል ያዙ፤ የሚጣል ፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ መግባት አይፈቀድም።

መንገድ ላይ ተሸካሚዎች ከኋላ ይደርሱባችኋል። ከእናንተ በኋላ ተነሥተው፣ ካምፑን ነቅለው፣ ሃያ ኪሎ ተሸክመው፣ እየሮጡ ያልፏችኋል። ቀድመው ደርሰው ድንኳን ይተክላሉ። አንድ ሰው «ተሸካሚ!» ብሎ ሲጮህ ወዲያው ወደ ተራራው በኩል ተጠጉ። በገደሉ በኩል እንዳትቆሙ። ሸክሙ ትከሻችሁን ቢነካ መያዣ የለም። የሰላምታ ቃል ተማሩ። «አይያንቹ» ደህና ናችሁ ማለት ነው። «ሱልፓይኪ» አመሰግናለሁ ነው። ይህን ስትሏቸው ፊታቸው እንዴት እንደሚፈታ ማየት ነው።

በሩ ላይ ስንደርስ ነፋሱ ቆብ ይነጥቃል። ከተሸካሚዎቻችን በዕድሜ የሚበልጡት ሰው ሸክማቸውን ደገፍ አድርገው ቆመዋል። የእህቴ ልጅ «ፓፓ» ትላቸው ነበር፤ እዚያ ለትልቅ ሰው የሚባለው እንደዚያ ነው። ከኪሳቸው የኮካ ቅጠል አወጡ። መረጡ መረጡና ሦስት ያልተቀደዱ ቅጠሎች አገኙ። እንደ ማራገቢያ አድርገው በሁለት ጣታቸው ያዟቸው። አፋቸው ዘንድ አስጠግተው ወደ በረዶው ተራራ ቀስ ብለው እፍ አሉ። ጣቶቻቸው በገመድ የተላጡ፣ ጥፍራቸው የተሰነጠቀ ነው። ቅጠሎቹን ግን ሊበርር እንዳለ ላባ ነበር የያዟቸው። ከዚያ ድንጋይ ሥር አስቀመጧቸው። ለተራሮቹ ምስጋና ነው። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሸክማቸውን አነሡና ቁልቁል ሮጡ።

እኔ ግን ሰውነቴ የሰጠኝን ምልክት ያኔ አላስተዋልኩም። ከበሩ በኋላ 600 ሜትር ያህል ወደ ፓካይማዮ ይወረዳል። ደስ ብሎኛል፣ ዳገቱን አሸንፌያለሁ። ፈጠን ብዬ፣ ተረከዜን ድንጋዩ ላይ እየጣልኩ ወረድኩ። ዱላዬን ከቦርሳዬ ጎን አስሬዋለሁ። ካምፕ ስደርስ ጭኔ ይንቀጠቀጥ ነበር። የቀኝ እግሬ አውራ ጣት የጫማውን ጫፍ ሲመታ ውሎ ጥፍሩ ጠቁሯል። ድካም ነው ብዬ ተኛሁ።

ያ ሌሊት ብርዱ ለብቻው ነው። ካምፑ 3,600 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፤ ሌሊት ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። የረዳን አንድ ነገር አለ። ማታ ወጥ ቤቱን የፈላ ውሃ ለመንነውና ኮዳችንን ሞላን። ካልሲ አልብሰን የመኝታ ከረጢታችን ውስጥ እግራችን ሥር አደረግነው። እስከ ንጋት ሞቀን። ጠዋት ያው ውሃ የመንገድ መጠጥ ይሆናል። የግንባር ባትሪና ስልክ ደግሞ አብራችሁ ከረጢቱ ውስጥ አስተኙ፤ ብርድ ቻርጅ ይጨርሳል። ለነገ የምትለብሱትንም እንደዚያው። ሌሊት ለሽንት ስትወጡ ሰማዩን ቀና ብላችሁ እዩ። እኔ ብርዱን ረስቼ ቆሜ ቀርቻለሁ።

ሦስተኛው ቀን ከሁሉም ያምራል። ከሁሉም የጎዳኝም እሱ ነው። ጠዋት ሩንኩራካይ ወደሚባለው ሁለተኛ በር፣ 3,950 ሜትር ገደማ ትወጣላችሁ። ከዚያ በኋላ የምትረግጡት ንጣፍ በአብዛኛው ኢንካዎች ራሳቸው ያነጠፉት ነው። ቁጭ ብዬ አንዱን ድንጋይ በእጄ ዳሰስኩት። መሃሉ ከጠርዙ ዝቅ ብሏል። እንደ አሮጌ ወፍጮ ድንጋይ ልስልስ ነው። ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ስንት እግር እንደረገጠው አስቡ። በዳሩ ቁጥቋጦና ለስላሳ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት ወጥቶበታል፤ ካፊያ ሲነካው ሳሙና ነው።

ሳያክማርካ የሚባል ፍርስራሽ ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ በጠባብ ደረጃ ይደረስበታል። ደክሞኝም ወጣሁት፤ አልቆጨኝም። ከዚያ ቀጥሎ መንገዱ በጉም ጫካ ውስጥ ይገባል። ዛፎቹ ጢም አብቅለዋል። ኦርኪድ አለ። አንድ ቦታ ላይ ኢንካዎች አለቱን ፈልፍለው ዋሻ አበጅተዋል፤ ውስጡ ደረጃ አለው። ሰማዩ ከተከፈተ ከፑዩፓታማርካ በላይ ሳልካንታይ ይታያል፣ 6,271 ሜትር የሚረዝም በረዶ የለበሰ ተራራ። ፑዩፓታማርካ «ከደመና በላይ ያለች ከተማ» እንደማለት ነው። ስሙ ልክ ነው። ደመናው ከእግራችን በታች ነበር።

ከዚያች ከተማ ነው ቁልቁለቱ የሚጀምረው። ወደ ዊኛይ ዋይና ካምፕ ድረስ ወደ 1,000 ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት ነው፤ የበዛው በደረጃ። መጀመሪያ ላይ የገለጽኩላችሁ እዚያ ነው።

ስመለስ አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ምን እንደሆነ አስረዳኝ። ስንወጣ የጭን ጡንቻ እያጠረ ነው የሚሠራው። ስንወርድ ግን ያው ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደታችንን እንደ ፍሬን ይይዛል። ጡንቻን ይበልጥ የሚጎዳው ይህኛው ነው። ፍሬኑ ሲደክም ጫናው መገጣጠሚያው ላይ ይወድቃል። ዳገት ብቻ በመውጣት ይህ ፍሬን አይጠነክርም። ለብቻው መሠልጠን አለበት።

እንዴት? ቀላል ነው፣ መሣሪያም አይፈልግም። ደረጃ ላይ በአንድ እግር ቁሙ። የሌላውን እግር ተረከዝ ወደ ታችኛው ደረጃ ቀስ ብላችሁ አውርዱ፤ እስከ አምስት እየቆጠራችሁ። ነካ አድርጉና ተመለሱ። በየእግሩ አሥር ጊዜ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከጉዞው ሁለት ሦስት ወር በፊት ጀምራችሁ። ፎቅ ላይ የምትሠሩ ወይም የምትኖሩ ከሆነ በሊፍት ውጡ፣ በእግር ውረዱ። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ጉልበታችሁ ከዚህ በፊት የሚያማችሁ ከሆነ ደግሞ ቀድማችሁ ታዩ።

ዱላ ሁለት ያዙ፤ አንድ አይበቃም። ጫፉ ላይ ጎማ መኖሩ ግዴታ ነው፤ ብረቱ የጥንቱን ድንጋይ ስለሚቦረቡር። ትርፍ ጎማ ያዙ፤ የእህቴ ልጅ አንዱ በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ተነቅሎ ቀርቶባታል። ዳገት ላይ ዱላውን አሳጥሩ፣ ቁልቁለት ላይ አስረዝሙ። ከመውረዳችሁ በፊት ቆም ብላችሁ የጫማ ክራችሁን ከቁርጭምጭሚት በኩል ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ፤ እግር ወደ ፊት እንዳይሸራተት ነው። የእግር ጥፍራችሁን ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት ቁረጡ። አዲስ ጫማ አድርጋችሁ እንዳትሄዱ። በእግር ጣት ፊት ትንሽ ክፍት ቦታ የሌለው ጫማ ለዳገት ይሆናል፣ ለዚህ ቁልቁለት አይሆንም። የእኔ ጥፍር ከወር በኋላ ወልቋል።

ሌላው፣ ሁለተኛው ቀን ላይ ዱላዬን አስሬ መውረዴ ነው ለሦስተኛው ቀን ያበቃኝ። የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ምንም ሳያማችሁ በጉልበታችሁ ላይ ራሩ። ትንንሽ እርምጃ፣ ጉልበት ትንሽ ታጠፍ ብሎ፣ ከተረከዝ ይልቅ በመሃል እግር። ከመጀመሪያው በር በኋላ መኪና የሚደርስበት ቦታ የለም። መሄድ ያቃተው ሰው የሚወጣው በሌላ ሰው ጀርባ ላይ ነው።

ዊኛይ ዋይና ስደርስ ሊመሽ ነበር። ከተሸካሚዎቹ አንዱ የሞቀ ውሃ በሳፋ አምጥቶ እግሬ ሥር አስቀመጠ። አልጠየቅሁትም። አይቶኝ ነው። ከካምፑ አጠገብ ያለው ፍርስራሽ ውብ ነው፣ «ሁሌ ወጣት» ማለት ነው ስሙ። እኔ አላየሁትም፤ የእህቴ ልጅ ሄዳ ፎቶ አሳየችኝ። ጉልበታችሁን ካተረፋችሁ እንዳያመልጣችሁ።

ተሸካሚዎቹን የምትሰናበቱት በዚህ ማታ ነው። ሌሊት ካምፑን ነቅለው ወደ ባቡሩ ይወርዳሉ። ማቹ ፒቹን አብረዋችሁ አያዩም። ጉርሻችሁን በፔሩ ሶል፣ በዝርዝር ኖት አድርጋችሁ ከኩስኮ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለየሰዉ በእጁ እንዲደርስ። የእህቴ ልጅ «ፓፓ፣ ሱልፓይኪ» ብላ የሰውየውን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። ሰውየው በኬችዋ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። አስጎብኚው «ለአጎትሽ ጉልበት ይስጠው ብለዋል» ሲል ተረጎመልን።

በመጨረሻው ቀን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣን። ኬላው የሚከፈተው 11 ሰዓት ተኩል ነው። ሁሉም ቀድሞ ለመሰለፍ ነው የሚሯሯጠው። አያስፈልግም። ቦታው አይሄድም፣ በጨለማ መሮጥ ግን ገደል አለው። ከዚያ ኢንቲ ፑንኩ፣ የፀሐይ በር፣ ድረስ ቀለል ያለ መንገድ ነው፤ መጨረሻው ላይ ብቻ በእጅም በእግርም የሚወጣ ቀጥ ያለ ደረጃ አለ። በሩ ላይ ስንደርስ ነጭ ጉም ነበር። ምንም አይታይም። ሰው ሁሉ ስልኩን ይዞ ቆሟል። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ጠዋት ጠዋት እንዲህ መሆኑ የተለመደ ነው፤ ተስፋ አትቁረጡ።

አስጎብኚው «ፋሚሊያ፣ እንውረድ» አለ። ከበሩ እስከ ፍርስራሹ ድረስ ያው ቁልቁለት ነው። ዱላዬን አስረዘምኩ። ክሬን አጠበቅሁ። ዓይኔ ከእግሬ አልተነሣም፤ ድንጋይ፣ ዱላ፣ እግር፣ ድንጋይ፣ ዱላ፣ እግር።

«ጋሼ፣ ቁም» አለችኝ።

«ደህና ነኝ እሙዬ፣ አላመመኝም።»

«እሱን አይደለም። ቀና በል።»

ቀና አልኩ። ጉሙ እንደ መጋረጃ ወደ ግራ እየተጎተተ ነው። መጀመሪያ ሹሉ ተራራ ወጣ። ከዚያ እርከኖቹ፣ ከዚያ ጣሪያ የሌላቸው ቤቶች፣ በመሃላቸው አረንጓዴ ሜዳ፣ ሜዳው ላይ የሚግጡ ላማዎች። የእህቴ ልጅ ክንዴን እንደያዘች ደረጃው ላይ ተቀመጥን።